የጾመኛዋ ኬክ

«ጋሼ፣ የእኔ ኬክ መቼ ነው?»

የእህቴ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቆርቆሮውን በር ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ።

«የምን ኬክ?» አልኳት። የምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«እማዬ የምትሠራው ነዋ።»

እማዬ የምትለው እህቴን ነው። እናቴን እማማ ትላታለች። እህቴ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በወሊድ ሞታ ነበር፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ለልጅቷ እማዬ ሩቅ አገር ሄዳለች ተብሎ ተነግሯታል። ኬኩም አብሮ ሄዷል ብሎ የነገራት ሰው ግን የለም። ስለዚህ ትጠብቅ ነበር።

በዚያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ልደት የሚያከብር ቤት ብዙ አልነበረም። እናቴ የእኔን ልደት የምታስታውሰው «ትልቁ ባሕር ዛፍ የወደቀ ሰሞን» እያለች ነው። ኬክን ወደ ቤታችን ያመጣችው እህቴ ናት። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ትሪ ታጥብ ነበር፤ ከትሪ ማጠብ ዱቄት ወደ መንፋት፣ ከመንፋት ወደ ማቡካት እየተጠጋች ሄደች። ማታ ስትመጣ ከቀሚሷ የሚወጣው የስኳር ሽታ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ሰለቸኝ ትል ነበር።

ለልጅዋ የምትሠራው ኬክ የፒያሳ ኬክ አልነበረም። እንቁላል የለውም፣ ወተት የለውም፣ ቅቤም የለውም። ልጅቷ እነዚህን አትበላም። አትበላም ስል አትወድም ማለቴ አይደለም። እንዴት ልበለው፤ ሰውነቷ አይቀበላቸውም።

ያወቅነው ገና ዓመት ሳይሞላት ነው። እናቴ ለስለት ወደ ገጠር ሄዳ ነበር፤ የልጅቷ አባት የአሰብ መንገድ ሹፌር ስለሆነ እንደ ልማዱ ከካሚዮኑ ጋር ነው። ቤት ያለነው እኔና እህቴ ብቻ ነን። እህቴ ገንፎ ሠርታ መሐሉን አጎድጉዳ ቅቤ አፈሰሰችበትና በጣቷ ጫፍ ልጅቷን አቀመሰቻት። ብዙም አልቆየ። ከንፈሯ አበጠ። ከዚያ ዓይኗ። አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣና እያየነው ወደ ደረቷ ወረደ፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። እህቴ ነጠላ እንኳ ሳትለብስ ልጅቷን አቅፋ ሮጠች፤ እኔ ከኋላ። ማዞሪያው ላይ ያገኘናት ሰይቼንቶ ታክሲ እስከ ሆስፒታል ጡሩምባዋን አላቋረጠችም። መርፌ ወጓት። የውጭ አገሩ ሐኪም የተናገረውን ድሬሰሩ ተረጎመልን። እንቁላልና ወተት፣ ከወተት የሚወጣ ነገር ሁሉ፣ ለዚች ልጅ መርዝ ነው። ጥቂትም ቢሆን። የነካው ዕቃም ቢሆን። በሚቀጥለው ጊዜ ላትደርሱ ትችላላችሁ አለን።

ልጅቷን ይዘን ስንመለስ እብጠቱ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ያየው ደህና የምትስቅ ሕፃን ነው። «ቡዳ ነው የበላት» አሉ። «ምች መትቷት ነው» ያሉም ነበሩ። እናቴ ከገጠር ስትመለስ ነገርናትና «አይ የዛሬ ሐኪም!» ብላ ጠበል ይዛላት መጣች። ልጅን ከቅቤ መለየት ለእሷ ከጡት ከመለየት የባሰ ነገር ነበር።

ያን ዕለት ማታ እህቴ ዳንቴሏን እየሠራች፣ ቀና ሳትል፣ «እንግዲህ ይኼን የምናውቀው ሁለት ነን» አለችኝ።

ከጥቅምት በኋላ አንድ ሆንኩ።

የልጅቷ አባት ከቀብሩ በኋላ ወደ ካሚዮኑ ተመልሷል። እኔ ለእህቴ በደንብ አላለቀስኩም። ሰው «ወንድ ልጅ ቻለው» ይላል። አልቻልኩትም፤ ሥራ ይዤ ነው። ድንኳኑ ውስጥ እጅ እጠብቅ ነበር። ኮልፌ ውስጥ እናቷ የሞተችባትን ልጅ አይቶ እጁን የሚሰበስብ ሰው የለም። «የእኔ ሚስኪን!» እያለ ሁሉም ያጎርሳታል። አንዱ ከምንቸት አብሽ ሲጠቀልል፣ ሌላዋ ዳቦ በቅቤ ስትቀባ፣ እኔ ከወንዶች መቀመጫ እየተነሣሁ ልጅቷን አነሣና እወጣለሁ። «ምን ሆኖ ነው ይኼ ልጅ፣ የእህቱ ልጅ እንዳትጠግብበት ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ዞር ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ንግግር አይሆንልኝም። ስጨነቅ ደግሞ ጨርሶ አይወጣልኝም።

ሁዳዴ ሲገባ አረፍኩ። ቤቱ ሁሉ ሽሮ በዘይት ሆነ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እሷ በላ። ልጅቷ በየቤቱ ገብታ የቀመሰችውን ቀምሳ ትወጣለች፤ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የመምህሩን ቃል እሰማለሁ። እህቴም ሁዳዴን ትወድ ነበር። «ለእኔ ፋሲካ ማለት ይኼ ነው» ትል ነበር፤ እናቴ ደግሞ «ተይ፣ በጾም አትቀልጂ» ትላታለች።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ የሌላ ቀን ደረቅ ምጣድ ሳይቀር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። በዚያ ዓመት የልጅቷ አራተኛ ልደት የዋለው እዚያ መሐል ነው።

እናቴን ስነግራት ጥቁር ልብሷን እያጣጠፈች ነበር።

«ዓመት ባልሞላው ሐዘን ቤት ውስጥ ልደት?» አለች።

«ድግስ አይደለም። ኬክ ብቻ ነው።»

«ማን ይሠራዋል?»

«እኔ።»

አየችኝ። «ጭብጨባ እንዳይኖር» አለች በመጨረሻ። «ዘፈንም። ሰፈሩ ይሰማል።»

አንድ ነገር እፈልግ ነበር፤ ሌላ ነገር አልነበረም። እህቴ የነበራት ደንብ አንድ ነው። ለልጅቷ የተለየ ትንሽ ኬክ አትሠራም። አንድ ትልቅ ኬክ ሠርታ የግቢው ልጆች ሁሉ ከእሱ ይበላሉ። «ሌላ ቀን ሁሉ እሷ ናት የተለየችው» አለችኝ አንድ ጊዜ። «በልደቷ ቀን ሰው ሁሉ የእሷን ይብላ።» ልጅቷ ያን ቀን ከልጆች ጋር ከአንድ ኬክ እንድትበላና በሰላም እንድታድር ነው የፈለግኩት።

ችግሩ አሠራሩን አላውቅም። ሦስቱንም ዓመት አጠገቧ ነበርኩ፤ ግን የማይሞት ሰው ሲሠራ እንደሚያዩት ነው ያየሁት። ፉርኖ ዱቄት፣ ስኳር፣ የኑግ ዘይት፣ የብርቱካን ጭማቂ እንደምትጨምር አስታውሳለሁ። ሊጡን የሚያስነሣው ቤኪንግ ፓውደር ከእሷ የተረፈ በጣሳ ነበር። መጀመሪያ ለሙከራ ጥቂት አዋህጄ በአዲስ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከሰል ላይ ጣድኩት። ሲወጣ የተቃጠለ ጡብ ሆኖ ወጣ። እናቴ አገላብጣ አየችውና የበሩ ደፍ ላይ አንኳኳችው። ኳ ኳ አለ።

«በነፋስ የሚዘጋው በር አለ አይደል? ለእሱ ይሆናል» አለች፤ ከንፈሯ ትንሽ ፈገግ አለ። ከጥቅምት ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማዞሪያው ላይ ቡና ቤት በር አጠገብ የአምቦ ውሃ ሣጥን ተቆልሎ አየሁ። እዚያው ቆምኩ። እህቴ በየዓመቱ በልደቱ ቀን «ሮጥ ብለህ አንድ አምቦ ግዛልኝ» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ ለራሷ የምትጠጣው ይመስለኝ ነበር፤ ጨጓራዋን ያማት ነበር። ግን ጠርሙሱን ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። ዱቄቱ ላይ ነው የምታፈስሰው። አሁን ድምፁ ሳይቀር መጣልኝ፣ ሽሽሽ የሚለው፣ እሷም «ቶሎ! ቶሎ! አረፋው ሳይጠፋ ክዳኑን!» ስትል።

ሁለት ገዝቼ ሄድኩ። በጣሳው ሞከርኩ። ተነሣ። እጅግ አልተነሣም፤ ግን ሲቆርሱት ይለሰልሳል። ለማን እንደምነግር አላውቅም ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ልጅቷ ተኝታለች። ጣሳውን ይዤ እህቴ ትቀመጥበት የነበረው ዱካ ፊት ለፊት ትንሽ ቆምኩና አስቀመጥኩት።

የቀረው ድስት ነበር። እህቴ ኬኩን የምትጋግርበት ከኬክ ቤቱ ያመጣችው ሰፊ ሳሕን ነበራት። አርባዋ ሲወጣ እናቴ ልብሷን ለነዳያን ስትሰጥ ዕቃዎቿንም አብራ ሰጥታለች። የእኛ ድስቶች ሁሉ የፋሲካ ዶሮ ወጥ የተሠራባቸው ናቸው። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን ግን ትልቅ ብረት ድስት አላቸው።

እኚህ ሴት ጉራጌ ናቸው፤ ገና በልጅነታቸው ነው ኮልፌ የመጡት። ባለቤታቸው መርካቶ ሱቅ አላቸው። ጓሯቸው በሙሉ ኮባ ነው፤ ቅጠሉ ከአጥራችን በላይ ይታያል። በለቅሶው ሰሞን ከሁሉ በላይ የቆሙልን እሳቸው ናቸው። እንጀራ በሌማት እየተሸከሙ የመጡት፣ እናቴን በግድ ያጎረሷት፣ እኔን «ራስህን ታጠብ፣ ትምህርት ቤትህ ሂድ» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ድስቱን እንዲያውሱኝ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«ኬክ ልትጋግር ነው? ሚስት ሳታገባ ማጀት ገባህ?»

«ለሚጢዬ ልደት ነው፣ እትዬ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ውይ የእኔ ልጅ። ውሰድ እንጂ!»

«ግን፣ እትዬ፣ በደንብ ቢታጠብ። በአመድ። ቅቤ ስለማይስማማት ነው።»

«ዓይንህን እስኪያወጣ አጥበዋለሁ። ነገ ጠዋት አንተ ቤት ይመጣል።»

እንዳሉትም መጣ። ክዳኑ መስተዋት መስሏል። ውስጡ ጥቁር ስለሆነ ምኑም አይታይም። ቅዳሜ ነበር። ሊጡን አዋሃድኩ፤ አምቦውን ከፍቼ አፈሰስኩ፤ አረፋው ሳይጠፋ ድስቱ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩት። እንደ ድፎ ዳቦ ከሰል ከታችም ከክዳኑም ላይ አደረግኩ። እናቴ ጥግ ሆና ታያለች። ልጅቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ለግቢው ልጆች «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ትላለች። ጎረቤታችንም በፈጣን አረማመዳቸው መጡና ወንበር ሳቡ።

ሽታው መጣ። መጀመሪያ ብርቱካን፣ የተቃጠለ ስኳር። ከዚያ ሌላ ሽታ። ኮሰረት። ኮረሪማ።

ክዳኑን አነሣሁ። ኬኩ ደህና ተነሥቷል። ዳር ዳሩ ወርቅማ ሆኖ ያንጸባርቃል። የኑግ ዘይት እንዲያ አያንጸባርቅም።

«እትዬ» አልኩ። «ድስቱን... ከታጠበ በኋላ...»

«ቀባሁት እንጂ! በንጥር ቅቤ። በፋሲካ ደረቅ ድስት ለሰው ቤት ልሰጥ? እኛ ቤት ነውር ነው። ደግሞም እንዳይዝብህ ብዬ ነው።»

ልጆቹ ሽታውን ሰምተው በሩን ሞሉት። ልጅቷ ከፊት ናት። «ጋሼ፣ ደረሰ?»

እናቴ ፈራ ተባ እያለች፣ «ለድስት የተቀባ ምን ያህል ነው?» አለች ቀስ ብላ። «ከመሐል ብትቆርስላትስ?»

«አይሆንም።»

«ቅቤ ልጅ ገድሎ አያውቅም» አሉ ጎረቤታችን። ድምፃቸው ተለውጧል። «እኔ ስድስት ያሳደግኩት በቅቤ ነው። ልጅቷ ከስታ የቀረችው ማን ከልክሏት ነው?»

ሁሉም ያዩኛል። ያቺን ሰይቼንቶ ያየ ሰው፣ ያን ፉጨት የሰማ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ የለም። ብናገር አያምኑኝም፤ ብቆጣ እኚህን ሴት፣ በዚያ በክፉ ቀን የቆሙልንን፣ በልጆች ፊት ማዋረድ ነው። እህቴ ብትኖር እየሳቀች አንድ ነገር ብላ ታልፈው ነበር። ምን ትል እንደነበር አሰብኩ። አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሁዳዴ ነው።

«እትዬ» አልኩ፣ «በሁዳዴ... በዚህ ድስት ያበስሉበታል?»

«በዚህ?» አሉ። «ምን ማለትህ ነው?»

«በሁዳዴ ሽሮ ይሠሩበታል?»

«እግዚኦ! ቅቤ በለመደ ድስት በጾም?»

«ቢታጠብስ?»

«ቢታጠብስ! ሰባት ጊዜ ቢታጠብ! የጾም ዕቃ ሌላ ነው። ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ይኼን እናትህ አላስተማረችህም?»

«እሷ» አልኩ ወደ ልጅቷ እያመለከትኩ፣ «እሷ ሁልጊዜ ሁዳዴ ላይ ናት። ፋሲካ የላትም። የነካው ዕቃ ያፈርስባታል። ሲያፈርስባት ደግሞ... ትንፋሿ ይዘጋል። አይቻለሁ። እህቴም አይታለች።»

ጎረቤታችን ልጅቷን አዩ፣ ድስቱን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጨርቅ አምጥተው ድስቱን ከነኬኩ አቅፈው አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

ልጅቷ አለቀሰች። «የእኔን ኬክ ወሰዱት!» ልጆቹ ተበተኑ። እናቴ «አስቀየምካቸው» አለችኝ። «የማን ቤት ይቀረናል እንግዲህ?» ከሰሉ እየከሰመ ነበር። ዱቄት እንደተረፈኝ አውቃለሁ፤ አምቦውም ግማሽ ጠርሙስ ቀርቶታል፣ ግን ክዳኑ ተከፍቶ ብዙ ቆይቷል። ተንበርክኬ ከሰሉን ማራገብ ጀመርኩ። ለምን እንደማራግብ አላውቅም።

ከአጥሩ ወዲያ የኮባ ቅጠል ሲቀደድ ተሰማ። ከትንሽ በኋላ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ።

ጎረቤታችን ናቸው። በአንድ እጃቸው አዲስ የተቆረጠ የኮባ ቅጠል፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ጨርቁን ሲፈቱት የሸክላ ድስት ነው።

«የጾም ድስቴ ነው» አሉኝ። «ከስቅለት ወዲህ ከመደርደሪያ አልወረደም። ቅቤ አያውቅም፤ ስሙንም አልሰማ። ቅጠሉን ደግሞ ከሥር ታነጥፈዋለህ፣ እንዳይዝብህ። እጄንም በሳሙና ታጥቤያለሁ፣ አሽትተኝ።» እጃቸውን አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

«ያኛው ኬክስ፣ እትዬ?»

«እኔ ቤት ስድስት አፍ አለ። ያንን ተወው።» ከዚያ ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተ ልጅ፣ ጾም ላይ ናት ብትለኝ ኖሮ! ቅቤ አይስማማትም ስትለኝ እኔ የልጅ ሆድ መስሎኝ። የልጅ ሆድ የሚስማማውን መች ያውቃል?»

አንደኛውን ልጃቸውን ለአምቦ ወደ ማዞሪያ አስሮጡት። እኔ አዋሃድኩ፤ እሳቸው ቅጠሉን እሳት ላይ አለስልሰው ድስቱ ውስጥ አነጠፉ። እናቴ ሳትጠራ መጥታ ክዳኑ ላይ ከሰል በመቆንጠጫ ደረደረች። ሦስታችንም አልተነጋገርንም፤ «ከዚህ በኩል» እና «ቆይ» ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ኬክ አላማረም። የሸክላ ድስት ስለሆነ መሐሉ ጎበጥ፣ አንዱ ጎኑ ዝቅ ብሎ ወጣ። ከሥሩ የኮባው ጭረት ታትሞበታል፤ ሽታውም ከኬክ ይልቅ ለድፎ ዳቦ የሚቀርብ ነው። እናቴ አንድ ጧፍ ቆርጣ መሐሉ ላይ ተከለችበት። ልጆቹ ተመልሰው በረድፍ ቆሙ። እንዳይጨበጨብ ተነግሯቸዋል። ልጅቷ ጧፉን እፍ ስትል አንደኛው ረስቶ እጁን አንሥቶ ሊያጨበጭብ ሲል አስታወሰና አየር ላይ ቀረ። እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ልጅቷ ራሷ አጨበጨበችለት። እናቴ አልከለከለቻትም።

ለእሷ መጀመሪያ ቆረስኩ፣ ከዚያው ለሁሉም። ጎረቤታችን «እስቲ የሁዳዴውን ኬክ» ብለው ቀመሱና፣ «ስኳሩ በዝቷል፣ ሌላው ደህና ነው» አሉ። እኔ አልበላሁም። ከንፈሯን እያየሁ ነበር። ከከንፈሯ ወደ ዓይኗ፣ ከዓይኗ ወደ አንገቷ። ልጆቹ ሄዱ፤ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ በኩል ጠለቀች፤ እኔ አሁንም አያታለሁ። «ጋሼ ለምን ታየኛለህ?» አለችኝ። «ቆንጆ ስለሆንሽ» አልኳት። እንቅልፏ መጥቶ ጭኔ ላይ ስትተኛ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። ደህና ትንፋሽ ነው። የብርቱካን ሽታ አለው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ብሎኝማል። ግን አንድ ነገር ሲሳካ መጀመሪያ የሚነገረው ሰው አለ። ለእኔ ያ ሰው አልነበረም። ከኬኩ አንድ ቁራሽ በቅጠሉ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። በማግስቱ ደርቆ አገኘሁትና ራሴ በላሁት።

ክረምቱ አለፈ። በሰፈሩ ልጆች ዘንድ ልጅቷ «ጾመኛዋ» የሚል ስም ወጣላት። አልተቆጣሁም፤ እሷም ስሟ አድርጋ ያዘችው።

ለመስቀል ጎረቤታችን ጠሩን። ቤታቸው ከአገር ቤት በመጡ ዘመዶች ሞልቷል። ክትፎው በጣባ ይዞራል፤ ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ይፈስሳል። እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ለመነሣት እንዲመቸኝ። ልጅቷ ከሴቶቹ መሐል ገብታለች። የኮባ ቅጠል ላይ ለብቻዋ ቆጮና በዘይት የተሠራ ጎመን ቀርቦላታል። አንዲት ከገጠር የመጡ ሴት አዩአት። «የማን ናት ይቺ?» ሲሉ፣ አንዷ በጆሯቸው ነገረቻቸው። የሴትዮዋ ፊት ወዲያው ተለወጠ። አውቀዋለሁ ያን ፊት። ከክትፎው ዘገን አድርገው ጠቀለሉ።

እኔ ግማሽ ተነሥቻለሁ።

«እጅሽን!» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። ጎረቤታችን ጭልፋ እንደያዙ ብቅ አሉ። «እጅሽን ሰብስቢ! ሁዳዴ ላይ ናት!»

«በመስከረም?» አሉ ሴትዮዋ፣ ጉርሻው አየር ላይ እንዳለ።

«በመስከረም አዎ! የእሷ አይፈታም። ቅቤ የነካ እጅ ወደ አፏ እንዳይቀርብ ብያለሁ፤ ካልሆነ ትንፋሿ ይዘጋል። ስንቴ ልናገር?»

«ጾመኛዋ ናት» አሉ ልጆቹ ተቀባብለው። ሴትዮዋ ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱት፤ ቤቱ ሳቀ። ልጅቷም ጎመኗን እየበላች ሳቀች።

ተቀመጥኩ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፋኝ። የምጠብቀው እጅ አልነበረም። ከጥቅምት ወዲህ፣ ሰው ተሰብስቦ በሚበላበት ቤት ሁሉ፣ ዓይኔን አሳርፌ አላውቅም ነበር። አሁን ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩት። ያኔ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ያልመጣው። ቀሚሷ መጣ፣ የስኳሩ ሽታ መጣ፣ «ይኼን የምናውቀው ሁለት ነን» ያለችው መጣ። ጣባዬን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። አልጠቀመም።

ጎረቤታችን ጭልፋውን እንደያዙ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ምነው፣ ሚጥሚጣው በዛብህ እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው።

ገና አልቀመስኩም ነበር።